ተመርቆ ነው ወይስ መርቅኖ?

ጎበዝ፣ ስሙልኝማ! አንድ ባለ ዲግሪ ወንድማችን «ሃይማኖትና ምርምር አይገናኙም፤ ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ እምነታችሁን በር ላይ አስቀምጡ» ይላል። በር ላይ? ጥበቃው የላፕቶፕ እንጂ የእምነት መዝገብ አለው እንዴ? ስንወጣ ቢጠፋስ ማን ይከፍለናል?

እስቲ ፍረዱኝ። ይህን ያለው ተመርቆ ነው ወይስ መርቅኖ? ተመርቆ ከሆነ መራቂዎቹ ይጠየቁልን። መርቅኖ ከሆነ እስኪበርድለት እንጠብቀው።

ለመሆኑ በሩን ማን ከፈተውና ነው? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን በ1943 ዓ.ም. ያቋቋሙት ዶክተር ሉሲየን ማት ካናዳዊ የጀስዊት ካህን ነበሩ። ካህን በከፈተው በር ገብተህ በሩን በካህን ላይ ትዘጋለህ? የምረቃህ ቀን የደረብከው ጥቁር ጋዎንም ቢሆን ዘሩ የጥንት አውሮፓ ካህናት ቀሚስ ነው። ቄስ መስለህ ተነሥተህ፣ ፎቶውን ሳሎን ሰቅለህ፣ ከሥሩ ቁጭ ብለህ ቄስ ታማለህ!

«የቆሎ ተማሪ ሸምዳጅ ነው» ትለኛለህ። ኧረ ቀስ! ቅኔ ቤት ገብተህ የትናንቱን የሰው ቅኔ ብትደግም የጉባኤው መሳቂያ ትሆናለህ። ቅኔ በየቀኑ አዲስ ይቆጠራል፤ የኔታ ያርሙታል፤ ያልጣመው ይጣላል። ያንተ የመመረቂያ ጽሑፍ ከየት መጣ? እሱም ይዘርፋል፣ አንተም ትዘርፋለህ። እሱ ቅኔ ከራሱ፤ አንተ ምዕራፍ ሁለትን ከሰው! ትርጓሜ ቤት ደግሞ አንዱን ቃል «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ ያገላብጡታል። አንተ አንድም መጽሐፍ ሳትጨርስ በአንድ ሐሳብ ቀረህ። ሐዲስ ዓለማየሁ የቅኔ ቤት ልጅ ናቸው። ቅኔውን በር ላይ ጥለው አልመጡም፤ ይዘውት ገብተው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጻፉ። ባላባቱንም ቄሱንም አልማሩም። አየህ፣ ቤተ ክህነትን መተቸት እንኳ ያምርብህ ዘንድ ቤቱን ማወቅ አለብህ።

የዘመን ስሌቱ ባሕረ ሐሳብ ጋ ግን ባትደርስ ይሻልሃል። «ወንበር» ሲሉህ ልትቀመጥ ትፈልጋለህ። ወንበር ቁጥር ነው ወዳጄ! ዓመተ ዓለሙ ለ19 ይካፈላል፤ ከቀሪው አንድ ሲቀነስ ወንበር ይወጣል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ፣ ለ30 ተካፍሎ የሚተርፈው አበቅቴ ነው። የኔታ ፋሲካን የሚያውቁት እንዲህ አስልተው ነው። አንተ የምታውቀው በዶሮ ዋጋ!

«ይሄ የእኛው አገር ወሬ ነው፤ የሠለጠነው ዓለም ሌላ ነው» አልክ? ጽንፈ ዓለም እየሰፋ መሆኑን በ1927 እ.ኤ.አ. የጻፈው ጆርጅ ለሜትር የቤልጅግ ቄስ ነበር። ዓለሙ ሁሉ ሲሰፋ ያንተ ጭንቅላት ለምን እንደጠበበ ግን አልጻፈልንም። ሜንዴልስ? መነኩሴ! እሱ በገዳሙ ጓሮ የአተር ዘር ቆጥሮ የዘር ውርስ ሳይንስን ወለደ። አንተ በካፌ በረንዳ የሰው ዘር ቆጥረህ ጠብ ወለድክ።

ቆይ፣ ቆይ! አንተ ደግሞ ከኋላ ሆነህ የምታጨበጭበው አማኝ ወንድሜ፣ እጅህን ሰብስብ። «ጸልያለሁ» ብለህ ደብተርህን ሳትገልጥ ፈተና የገባኸው አንተ አይደለህም? «ጌታ ሆይ፣ አስታውሰኝ!» ምኑን? ያላነበብከውን? ኤፍ ስትለብስ ደግሞ «ፈተና በዛብኝ» ትላለህ። አዎ፣ ፈተና ነው፤ የወደቅክበት! እምነት ያላቸው አባቶች አንድ መጽሐፍ ለማወቅ ዓመታት ቁራሽ ለምነው ተማሩ፤ አንተ ላይብረሪ ለመግባት መታወቂያ ማውጣት ሰነፍክ። ከባለ ዲግሪው ጋር እኮ የአክስት ልጆች ናችሁ። እሱ ሳያነብ ይክዳል፣ አንተ ሳታነብ ታምናለህ።

ወደ ባለ ዲግሪያችን ልመለስ፤ ፊቱ ቀልቷል። «ተረብ የአራዳ ልጅ ነው፤ ደብተራ ምን ያውቃል?» ሊለኝ ነው መሰል። በተረባቸው የሚታወቁት አለቃ ገብረ ሐና ማን ነበሩ ታዲያ? በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋም ምንጭ፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ! እኔን ለመተረብ እንኳ ደብተራ ደጅ መጥናት አለብህ።

በል፣ መልስ ካለህ ይዘህ ና። ከሰው የቀዳኸው ከሆነ ግን አትልፋ፤ ባለቤቱን ላክልኝ።