የአየር ሞላ መቆጣጠሪያ አመራረጥ፣ ለአስፋልት ተራራ ወጪዎች

የአየር ሞላ መቆጣጠሪያ ማለት በብረት ሞላ ፋንታ በታመቀ አየር ላይ የቆመን መኪና ከፍና ዝቅ የሚያደርግ የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን ነው። በፎር ዊል ድራይቭ መኪና ላይ ሦስት ሥራዎች አሉት፦ ድንጋይ ሲያጋጥም መኪናውን ከፍ ማድረግ፣ ፍጥነት ሲጨምር ዝቅ ማድረግ፣ ጭነት ሲበዛ ሳያዘነብል ቀጥ አድርጎ ማቆም። ከፋብሪካ በኋላ ተገዝቶ የሚገጠመው ዓይነት ግን አራተኛ ሥራ ተጨምሮለታል፤ ይኸውም መኪናውን በገበያ ማዕከል በር ላይ “ፊስስስ” እያሰኘ ማስተኛትና አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ እንዲያይ ማድረግ ነው። የአመራረጡ ሥርዓት በሙሉ የሚቀዳው ከዚህ ከአራተኛው ስለሆነ፣ ገዢው በቀደሙት ሦስቱ ራሱን ማድከም አይጠበቅበትም።

ከታሪክም የሚማረው ብዙ የለም። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ካዲላክ ኤልዶራዶ ብሮም የተባለውን ውድ መኪና በአየር ሞላ ላይ አቁሞ ለገበያ አቀረበ። አየሩ እየሾለከ ስላስቸገራቸው ብዙ ባለቤቶች ሥርዓቱን አስወልቀው የብረት ሞላ አስገጠሙ። ከ35 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ሬንጅ ሮቨር በኮምፒውተር የሚታዘዝ የአየር ሞላ ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተከተለው ሁለተኛው ትውልድ አምስት ከፍታዎች ነበሩት። ኮምፒውተሩ ከባድ ብልሽት ያየ ሲመስለው አየሩን አስወጥቶ መኪናውን በሻሲው ሥር ባሉት የላስቲክ ትራሶች ላይ ያስቀምጥና፣ ሹፌሩ በሰዓት ከ35 ማይል በላይ እንዳይነዳ በዳሽቦርዱ ላይ ይጽፍለታል። ለዚህ መኪናም እንደገና የብረት ሞላ መቀየሪያ የሚሸጥበት ገበያ ተፈጠረ። ታሪክ ሁለት ጊዜ ያንኑ ነገር ከተናገረ ሦስተኛ መስማት ጊዜ ማባከን ስለሆነ፣ አስተዋይ ገዢ በቀጥታ ወደ ማሳያው ቀለም ያልፋል።

የመጀመሪያው መመዘኛ እንግዲህ ማሳያው ነው። ሰማያዊ የሚያበራው ከነጩ ይበልጣል፤ ቀለሙን የሚቀያይረው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ቀጥሎ የሚታየው ሣጥኑ ስንት ከፍታ በቃሉ እንደሚይዝ ነው። ስምንት የሚይዘው ሦስት ከሚይዘው እንደሚሻል ለማወቅ ሒሳብ መማር አያስፈልግም። ሰው መኪናውን በእውነት የሚያቆምባቸው ከፍታዎች መውጫና መግቢያ፣ መደበኛና ድንጋያማ መንገድ ብቻ መሆናቸው ይህን አያፈርስም። የቀሩት አምስቱ ለክብር ናቸው።

ሁለተኛው መመዘኛ ቁጥር ነው። ርካሾቹ መቆጣጠሪያዎች በእያንዳንዱ የአየር ከረጢት ውስጥ ያለውን ግፊት ብቻ ይለካሉ፤ አራቱንም ጎማ በአራት ቁጥር አሰልፈው ሲያሳዩም ገዢው ሁሉን ያወቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ግፊት የሚናገረው ስለ ክብደት ነው፤ ስለ ከፍታ የሚያውቀው ነገር የለም። ለምሳሌ የኋላው ከረጢት መኪናው ባዶ ሳለ በ50 ፒኤስአይ ተገቢው ከፍታ ላይ አቁሞታል እንበል። ሦስት ሰውና የመንገድ ሻንጣ ሲጫንበት ከረጢቱ ይጨመቃል፤ ግፊቱም ከ50 በላይ ይወጣል። 50ን ጠብቅ የተባለው ታማኝ ሣጥን ትርፍ ግፊት አገኘሁ ብሎ አየር ያስወጣል። በዚህም መኪናው አየር በሚያስፈልገው ሰዓት አየሩን ተነጥቆ ይሰምጣል። ማሳያው ግን 50 ማለቱን አያቋርጥም። ባለቤቱ ኋላው የሰመጠውን መኪና ሳይሆን ከፊቱ የሚያበራውን ቁጥር እያየ ስለሚነዳ ምንም አይጎድልበትም።

የተሻለው ዓይነት በየጎማው አጠገብ የከፍታ ሴንሰር ይተክላል። ሴንሰሩ በትንሽ ዘንግ ከጎማው ክንድ ጋር ይያያዝና፣ ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ ሻሲው ከጎማው በላይ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ጭነት ቢጨመር መኪናው እንደወረደ ስለሚያይ አየር ይጨምራል። ይህ ግን ዋጋው ውድ ነው፤ ለመግጠም ቀን ይፈጃል፤ ልኬቱም ለጥ ባለ መሬት ላይ መስተካከል አለበት። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሴንሰሩ ከመኪናው ሥር ስለሚደበቅ ማንም አያይለትም። የማይታይ ነገር ላይ ገንዘብ ማውጣት ከአራተኛው ሥራ ጋር ስለሚጋጭ፣ ሻጩም ገዢውም በጋራ ስምምነት ያልፉታል።

ከፍታ የሚለካውም ቢሆን መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ። መኪናው ጉድባ ሲሻገር አንዱ ጎማ ተንጠልጥሎ ሌላው ይታጠፋል። ይህን የሚያይ ሣጥን መኪናው የተጣመመ መስሎት ካንዱ አየር እየቀነሰ ለሌላው ሲጨምር፣ ሹፌሩ ከመሬቱ ጋር ሣጥኑ ደግሞ ከሹፌሩ ጋር ይታገላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ላንድ ሮቨር ዲስከቨሪ 3 ለዚህ ሲባል የግራና የቀኙን የአየር ሞላ የሚያገናኙ ቫልቮች ተበጅተውለታል። አንዱ ጎማ ወደ ላይ ሲገፋ አየሩ ወደ ሌላው ስለሚሄድ ሁለቱ በአንድ አክስል እንደተያያዙ ሆነው መሬቱን ይከተላሉ። ስለዚህ ከውጭ የሚገዛው መቆጣጠሪያ በእንዲህ ያለ ቦታ እርማቱን የሚገታበት መንገድ ይኑረው አይኑረው ማወቅ ተገቢ ነበር። ሆኖም ከሱቁ ወደ ገበያ ማዕከሉ በሚወስደው መንገድ ላይ ጉድባ ስለሌለ ጥያቄው በእንጥልጥል ይቆያል።

ሦስተኛው መመዘኛ ስልክ ነው። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ቁልፍ መጫን የድሮ ሰው ጠባይ ሆኗል፤ ዘመናዊው ባለቤት ከካፌ ወንበሩ ሳይነሳ መኪናውን በብሉቱዝ ያስነሳል፣ ያስተኛል። ቁልፍ የሌለው፣ በስልክ ብቻ የሚታዘዝ ሣጥን ስለዚህ ከሁሉ የተመረጠ ነው። የስልኩ ባትሪ ካለቀ መኪናው በተገኘበት ከፍታ ይቆያል። ስልኩ ተቀይሮ አፑ አልከፍትም ካለም ባለቤቱ አዲስ ሣጥን የሚገዛበት ምክንያት አገኘ ማለት ነው። ኩባንያዎችም ዘላለማዊ አይደሉም። በዚህ ሙያ ስሙ የታወቀው የአሜሪካው አኩኤር እ.ኤ.አ. በ2020 በሩን ዘግቶ ነበር፤ በኋላም ወደ ሌላ ኩባንያ እጅ ገባ። ሠሪው ቢዘጋ ሣጥኑ ያለ እሱ ይሠራል ወይ፣ መለዋወጫውስ ከየት ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ግን የጨዋታውን ለዛ እንደሚያጠፋ ሰው ይቆጠራል።

አራተኛው መመዘኛ ፍጥነት ነው። ከመሬት ተነስቶ ላይ ለመድረስ አሥር ሰከንድ የሚፈጅ መኪና ተመልካችን ያሰለቻል። ፍጥነቱ ግን የሣጥኑ አይደለም፤ የኮምፕሬሰሩ፣ የአየር ማጠራቀሚያው፣ የቫልቩና የቱቦው ነው። የመኪናውን ሩብ ኢንች ቱቦ በሦስት ስምንተኛ ኢንች የቀየረ ሰው መኪናው ሲዘል ያያል። አየሩ በዚያ ፍጥነት ሲገባ ግን ሣጥኑ የታዘዘው ከፍታ ላይ መቆም አቅቶት ያልፈዋል፤ ይመልሰዋል፤ እንደገና ያልፈዋል። ይህ ሽቅብ ቁልቁል በባለቤቱ ዘንድ የኃይል ምልክት ነው።

ኮምፕሬሰሩም የራሱ ቋንቋ አለው። በወረቀቱ ላይ 33 በመቶ የሚል ከተጻፈበት፣ በተመዘነበት ግፊት ከግማሽ ሰዓት ውስጥ አሥር ደቂቃ ሠርቶ ሃያ ደቂቃ ማረፍ አለበት ማለት ነው። ወረቀቱ የማይናገረው ደግሞ ስለ ቦታው ነው። ኮምፕሬሰር የሚያምቀው በዙሪያው ያለውን አየር ነው፤ አየሩ ከሳሳ ሥራው ይረዝማል። ወደ 2,400 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ያንኑ ከረጢት ለመሙላት ወደ ሲሶ የሚጠጋ ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቃል። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው የሳነቴ አምባ ደግሞ ግፊቱ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። በማስታወቂያው ላይ ያለው ሰከንድ ስለዚህ የባሕር ዳርቻ ሰከንድ ነው። ተራራ የሚወጣ መኪና ላይ ተራራ የማያውቅ ሰዓት መለጠፍ ግን የሙያው ወግ ነው።

አምስተኛው መመዘኛ ልክን ማለፍ ነው። ፋብሪካው ለዲስከቨሪ 3 ከመደበኛው 55 ሚሊ ሜትር ከፍ የሚል የአስቸጋሪ መንገድ ከፍታ ሰጥቶት፣ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 50 ኪሎ ሜትር ሲደርስ በራሱ እንዲወርድ አድርጓል። መሐንዲሶቹ ይህን ያደረጉት በቅናት ነው ብሎ የሚያምን ገዢ፣ ገደቡን የሚሽርለትን ሣጥን ይፈልጋል። አቅም ያነሰው ደግሞ የሴንሰሩን ዘንግ በአጭር ዘንግ ይቀይራል፤ ኮምፒውተሩም መኪናው የወረደ እየመሰለው ሁልጊዜ ከፍ አድርጎ ያቆመዋል። ኮምፒውተርን መዋሸት ቀላል ነው፤ ኃይል ወደ ጎማው የሚያስተላልፈውን መጋጠሚያ፣ ሲቪ ጆይንትን፣ መዋሸት ግን አይቻልም። መኪናው ከልኩ በላይ ተሰቅሎ ሲከርም የሲቪ ጆይንቱ ማዕዘን ይሾልና ቶሎ ይበላል። አላይመንቱ ይዛባና ጎማው በአንድ ጎኑ ይላጫል፤ የፊት መብራቱ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይመታል፤ ማዕከለ ክብደቱ ስለሚወጣም ኩርባ ላይ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም እዚህም አይከፋም።

ስድስተኛውና የሥርዓቱ አክሊል፣ የሚሾልክ አየርን በአዲስ ሣጥን ማከም ነው። ማታ ቆሞ ያደረ መኪና ጠዋት አንድ ጎኑ ተቀምጦ ሲገኝ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የተሰነጠቀ ከረጢት፣ የላላ የቱቦ መጋጠሚያ ወይም የደረቀ የላስቲክ ቀለበት ነው። ይህን ለማግኘት የሳሙና ውኃ በመጋጠሚያዎቹና በከረጢቱ እጥፋቶች ላይ ረጭቶ አረፋ የሚያወጣውን ቦታ መፈለግ ይበቃል። ሳሙና ግን ማሳያ የለውም፤ በስልክም አይታዘዝም። ስለዚህ ባለቤቱ መቆጣጠሪያ ይገዛል። አዲሱ ሣጥን መኪናው መውረዱን ከቀድሞው በበለጠ ትጋት ስለሚያይ ኮምፕሬሰሩን ሌሊቱን ሙሉ ያስነሳዋል። ኮምፕሬሰሩ ይግላል፣ ይቃጠላል፤ ባትሪውም አብሮት ይሞታል። ራስ ሳይጠና ጉተና ማለት ይህ ነው። የኮምፕሬሰሩ ማድረቂያ ውስጥ ያለው ሲሊካ ጄል ውኃ ጠጥቶ ከጠገበ ደግሞ እርጥበቱ ወደ ቫልቮቹ ይዘልቃል፤ ያዝጋቸዋል፣ ብርድ ባለበት አገርም በረዶ ሆኖ ይዘጋቸዋል። ማድረቂያውን መቀየር ከሣጥኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ስለሆነ ለመኩራሪያ አይበቃም።

ስለ መግጠም ብዙ የሚባል የለም። ፊውዝ የሌለው ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ ይሳባል፤ ሣጥኑ ውኃ በሚደርስበት ቦታ ይታሰራል፤ የቀረው እንደ ዕድል ነው። እዚህ ላይ ብቻ ቀልዱን መተው ግድ ይላል፦ በአየር ላይ የቆመ መኪና ቱቦ ቢፈታ ወይም ሣጥኑ ቢሳሳት በቅጽበት ስለሚወርድ፣ ሻሲው በብረት ቋሚዎች ላይ ሳይደገፍ ማንም ከሥሩ መግባት የለበትም። ክሪክ ብቻውን አይበቃም።

በዚህ ሁሉ መካከል የዕርዳታ እህልና መድኃኒት ጭኖ ኮረኮንቹን የሚወጣው ላንድ ክሩዘር 70 የኋላውን ክብደት በባሌስትራ ተሸክሞ ይሄዳል። ስምንት ከፍታ አያውቅም፤ ያለችው አንዲቱ ግን ስልክ ቢጠፋም አትወርድም።

የአየር ሞላ በራሱ ጥሩ ሥራ ነው፤ ጭነቱ ለሚለዋወጥና መንገዱ በእውነት ለሚከፋ መኪና ይጠቅማል። መቆጣጠሪያ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ በሳሙና ውኃ የሚሾልከውን ይድፈን፣ ማድረቂያውን ይቀይር። ከዚያም ሻጩን አምስት ነገር ይጠይቅ፦ ሣጥኑ ግፊትን ብቻ ነው ወይስ ከፍታንም ይለካል? ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ አየሩን ይይዛል ወይስ ይለቃል? ጎማ ሲንጠለጠል እርማቱን ይገታል? ፍጥነት ሲጨምር በራሱ ይወርዳል? ያለ ስልክ በቁልፍ ይሠራል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሻጭ የሚሸጠው መብራት ነው። መልሱን መስማት የማይፈልግ ገዢም የብረት ሞላ ይግጠም፤ ርካሽ ነው፣ አየርም አይሾልከውም።