ሳልጽፍ የተጠቀስኩት እኔ

ድሮ ለሐኪም የሚቆጠርለት ያዳነው በሽተኛ ነበር። ዛሬ የሚቆጠርለት ስሙን ያነሳው ሰው ነው። ልጄ ስፔሻሊስት ሆኖ የሕክምና ተማሪዎች ያስተምራል፤ ስለ በሽተኞቹ ስጠይቀው የሚያወራኝ ግን ስለ ፐብሊኬሽን ነው። በቀደም ደውሎ «አባዬ፣ ሰባት ገባሁ!» አለኝ። ደነገጥኩ። ዕድሜ ልኬን ድሬሰር ነበርኩ፤ «ሄሞግሎቢንህ ነው? ሰባትማ ከሆነ ደም ሳያስፈልግህ አይቀርም» አልኩት። ለካስ ኤች ኢንዴክሱ ኖሯል።

ሆርጌ ኸርሽ የሚባል የካሊፎርኒያ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2005 ያመጣው መለኪያ ነው አሉ። ሰባት ጽሑፍ ኖሮህ እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሰባት ጊዜ ከተጠቀሱልህ ሰባት ነህ። አንድ ብቻ ጽፈህ ዓለም በሙሉ ሲጠቅሰው ቢውል ግን ያው አንድ ነህ። ሰውየው የፊዚክስ ሊቅ ነው። ልጄን የሚመዝነው እንግዲህ ቁስል ያላጠበ ሰው ነው።

ይህ አልበቃ ብሎ ኢምፓክት ፋክተር አለላችሁ። አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች ዘንድሮ በአማካይ ስንት ጊዜ ተጠቀሱ የሚል ሒሳብ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1955 ያነሳው ዩጂን ጋርፊልድ ነው። ጆርናል ለመምረጥ የታሰበው ቁጥር ዛሬ ሰው ይመረጥበታል።

የኔ ጣጣ የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ፈረንጅ የሚጠቅሰው በቤተሰብ ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የልጅ ስም የልጅ ነው፣ የአባትም የአባት። እናም ልጄ እንቅልፉን አጥቶ የጻፈውን ሰዎቹ ሲጠቅሱት የሚያስቀድሙት የኔን ስም ነው፤ ከኔ ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ፣ ከሰረዟ ቀጥሎ የልጄ ስም መነሻ ፊደል ብቻ። «እገሌና ሌሎች እንዳረጋገጡት» ይላሉ። እገሌ እኔ ነኝ! ምንም ያረጋገጥኩት ነገር የለም። «ሌሎች» የተባሉትንም በዓይኔ አላየኋቸው። ባለቤቴ «አምጬ የወለድኩት እኔ፣ የሚጠቀሰው አንተ» ብላ አኩርፋለች፤ አልፈርድባትም። አንድ ጆርናል ላይ ደግሞ ልጄ የአያቱን ስም ጨምሮ ነበርና፣ ያኛው ጽሑፍ በአባቴ ስም ገብቷል። ነፍሳቸውን ይማርና አባቴ ፊደል ሳይቆጥሩ ያረፉ ገበሬ ናቸው፤ አሁን በጨጓራ ቁስለት ላይ አንድ ጥናት አላቸው። የአባቱ ስም ከኔ ስም የገጠመ፣ የራሱም ስም በልጄ ፊደል የሚጀምር ሰው ሞልቷል፤ የዚያ ጥቅስ ለልጄ፣ የልጄም ለዚያ ይጻፋል። ለዚህ መላ ተብሎ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ የሚባል ባለ16 አሃዝ ቁጥር ለተመራማሪ ይሰጣል። ታዲያ ክርስትና ያስነሳሁት ለምን ነበር?

መለኪያው የሚታለል ባይሆን እሺ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሪል ላቤ የተባለ ፈረንሳዊ አይክ አንትካሬ የሚባል ሰው ፈጠረ። ሰውየው በምድር ላይ የለም። ጽሑፎቹን ኮምፒውተር ፈተላቸው፤ እርስ በርሳቸው እንዲጠቃቀሱ ተደረገ፤ ጉግል ስኮላርም ቆጥሮ 94 ሰጠው። አንስታይንን በለጠው! የኔ ልጅ በሥጋ በነፍስ ያለ ሰው ሆኖ ሰባት ላይ ይንፏቀቃል።

መጥፎ ስምም ያስቆጥራል። አንድሩ ዌክፊልድ እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት ላይ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር ያገናኘበት ጽሑፍ በ2010 ተሰርዟል። ሊነቅፈው የጠቀሰው ሁሉ ግን ቁጥር ጨምሮለታል። በኛ ሰፈር ስሙ በክፉ የተነሳ ሰው ተመሰገነ አይባልም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የእንዶዱ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ ወንዝ ወርደው፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣው ሞቶ አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያዛምተው ያ ቀንድ አውጣ ነው። ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመት ደከሙበት፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። ጽሑፎቻቸው የሚጠቀሱት ታዲያ «ለማ» እየተባለ ነው፤ እዚህም አባትየው ቀደሙ። የእነዚያ አጣቢዎች ኤች ኢንዴክስ ግን ዜሮ ነው። እንዶዱን ወንዝ ድረስ ተሸክመው የወረዱት እነሱ ነበሩ።

ይህን ሁሉ የምለው ጡረታ ስለሰለቸኝ እንዳይመስላችሁ። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ተሰብስበው፣ ሰው ሲቀጠርም ሆነ ሲያድግ በጆርናል ቁጥር አይመዘን ብለው መግለጫ አዘጋጅተዋል። መግለጫውም በብዙ ሰው ተፈርሟል፣ ብዙ ጊዜም ተጠቅሷል።

እናንተ የዕድገት ኮሚቴ አባላት፣ የልጄ ማመልከቻ ጠረጴዛችሁ ላይ ነው። ጽሑፎቹን አንብቧቸው፤ ቁጥራቸውን ለጊዜው ተዉት። ከዚያ ዎርድ ግቡና ያከማቸውን ሰዎች ጠይቁ። የለም፣ እኛ የምናየው ጥቅስ ብቻ ነው ካላችሁ ደግሞ፣ የተጠቀስኩት እኔ ነኝ፤ ተባባሪ ፕሮፌሰርነቱን ለእኔ ስጡኝ፣ ጭማሪውም ጡረታዬ ላይ ይታሰብልኝ።