መከረ፣ ከመረ፣ ከረመ

የተዘበራረቁ ፊደላትን አገጣጥሞ ቃል የማውጣት ጨዋታ በላቲን ፊደል ለሚጽፉ ሕዝቦች ተራ ጊዜ ማሳለፊያ ሲሆን፣ በግእዝ ፊደል ለሚጽፈው አማርኛ ተናጋሪ ግን የሽምግልና ጉዳይ እስከ መሆን ይደርሳል። ነገሩ የሚመነጨው ከፊደሉ ጠባይ ነው፤ የላቲኑ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ስለሚጽፍ እንዳሻው ሲበተንና ሲሰበሰብ፣ የግእዙ ፊደል አናባቢውን እንደ ሕፃን አዝሎ ስለሚጓዝ ቦታ ቢለውጥም ያዘለውን አያወርድም። ስለዚህ «ሰፈር»ን በታትኖ «ፈረስ»ን ለማውጣት የሚታገል ሰው፣ ፈረሱ ደጁ ላይ ቆሞ እየታየው አይጋልበውም፤ በእጁ ያለው «ር» እንጂ «ረ» አይደለምና።

ግሦች ከስሞች ይልቅ ቸር ናቸው። በኃላፊ ጊዜ ብዙዎቹ ባለ ሦስት ፊደል ግሦች ሁሉንም ፊደሎቻቸውን በግእዝ፣ ማለትም በመጀመሪያው ድምፅ ስለሚጽፉ፣ ቢደባለቁም ቅርጻቸው አይፋለስም። ሦስት ፊደል በስድስት ዓይነት ቅደም ተከተል ይደረደራል፤ ከ«መ»፣ «ከ» እና «ረ» ስድስት ድርድሮች ውስጥ ሦስቱ «መከረ»፣ «ከመረ» እና «ከረመ» ሆነው በየዕለቱ ንግግር ውስጥ ይገኛሉ። ሦስቱ በዚህ ተራ ሲነበቡ ሳይጠራ መጥቶ ምክር የጀመረ፣ ምክሩን የከመረ፣ በመጨረሻም እዚያው የከረመ ዘመድ ሙሉ የሕይወት ታሪክ ናቸው። «ለበሰ»፣ «በሰለ» እና «ሰለበ»ም የአንድ ድግስ ዜና ይመስላሉ፤ እንግዳው ለበሰ፣ ወጡ በሰለ፣ ከሰው ቤት እህልና ቅቤ በስውር ይወስዳል የሚባለው ሰላቢ ደግሞ ሰለበ። «ሰፈረ» እና «ፈረሰ» አንድ ዓይነት ፊደላት መሆናቸውን ለአዲስ አበባ ነዋሪ ማስረዳት አያስፈልግም።

አናባቢ ማዘል የሚያስከፍለው ዋጋ በታሪክም ታይቷል። በ79 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የእሳተ ገሞራ አመድ በቀበራት በፖምፔ ፍርስራሽ ውስጥ፣ አምስት የላቲን ቃላት በአራት ማዕዘን ተደርድረው ከየትኛውም አቅጣጫ ቢነበቡ አንድ የሚሆኑበት ጽሑፍ ተገኝቷል፤ የመጨረሻው ቃል «ሳቶር»፣ ማለትም ዘሪ፣ ከኋላ ሲነበብ የመጀመሪያውን «ሮታስ»፣ ማለትም መንኰራኵሮችን፣ ይሰጣል። ቃላቱ ኢትዮጵያ ሲደርሱ ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ ተብለው የአምስቱ ቅንዋተ መስቀል፣ ማለትም የክርስቶስ መስቀል ችንካሮች፣ መጠሪያ ሆኑ። ክብር አገኙ፣ መመለሻቸውን ግን አጡ፤ «ሳዶር» በፊደል ከኋላ ሲነበብ «ርዶሳ» ነው፣ «ርዶሳ» ደግሞ ምንም አይደለም።

ቃሉ ከተገኘም በኋላ ትርጉሙ ገና ነው፤ ፊደሉ መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ «ገና» ራሱ በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ጊዜ ከአንባቢው አፍ ይጠበቃል። ጭቅጭቁ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። በየጨዋታው «ረከመ» የሚባል ቃል በትውልድ ቀዬው አለ ብሎ የሚምል አንድ ሰው አይጠፋም፣ ዳኛውም መዝገበ ቃላት ይሆናል። ይሁን እንጂ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላትም ሆነ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት የተደረደሩት ተማሪ በዜማ በሸመደደው በ«ሀ ለ ሐ መ» ሳይሆን በ«አ በ ገ ደ» ተራ በመሆኑ፣ ሦስት ፊደል ለማስተካከል የተነሣው ሰው ፊደል ገበታው በሙሉ ተዘበራርቆ ይጠብቀዋል።

«ፈ»፣ «ገ» እና «ረ» የደረሱት አንባቢ «ገረፈ» እና «ረገፈ»ን ወዲያው ያገኛል፤ ሦስተኛም አለ የሚል ከሆነ ግን መጽሐፉን ከ«አ» ጀምሮ ይግለጥ።