ቃሉን የሚቀያይር ምስክር

ሳሎናችን ጥግ አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለ። እናቴ የሠራችው ነጭ ዳንቴል ከአናቱ እስከ ወገቡ ይሸፍነዋል፤ ዳንቴሉ ላይ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጧል። ጠዋት ጠዋት እኔ እጽፍበታለሁ፤ ማታ ማታ ዘጠነኛ ክፍል ያለችው ልጄ ትረከበዋለች። ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት «አባዬ! ሰማያዊ ሆነ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ።

ስደርስ ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር የመስከረም ሰማይ መስሏል። ከላይ ያኮረፈ ፊት፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ይቅርታ መሳይ ነገር። መነጽሬን ፈልጌ እስካደርግ ድረስ ጠፍቶ ራሱን አስነሣ።

«ምን ነካክተሽ ነው?»

«ምንም!»

በየትም አገር ጥፋተኛ የሚለው ይህንኑ ነው። በሦስተኛው ቀን ደገመው፤ ከዚያ በሳምንት ሦስት አራቴ ሆነ። ልብ በሉ፤ እኔ ስጽፍ አንድም ቀን ሰማያዊ ሆኖ አያውቅም። ሁሌም እሷ ስትቀመጥበት ነው። ለዳኛ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ለአንድ ሳምንት አጠገቡ እንዳትደርስ ፈረድኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሰላም ሰፈነ። «አየሽልኝ?» አልኳት ባለቤቴን። ዝም አለች። የእሷ ዝምታ ይግባኝ ማለት ነው።

ቅጣቱ አልቆ ልጅቷ ስትመለስ ሰማያዊውም ተመለሰ። ወሬው ተሰምቶ ጠያቂ ይመጣ ጀመር። ጡረተኛው ጎረቤታችን ሻምበል «መብራት ነው፤ እየሄደ እየመጣ አንጀቱን አድርቆታል» አሉ። የባለቤቴ እህት «ቫይረስ ነው» አለች። የቡና ጎረቤታችን ከላይ እስከ ታች አየችውና «ዓይን ነው። ሰው የሚገባ የሚወጣበት ቦታ ማን አስቀምጡት አላችሁ?» አለች። በበሽታው ባይስማሙም በመድኃኒቱ ግን ሁሉም አንድ ነበሩ፦ ፎርማት። ለምች ዳማከሴ፣ ለኮምፒውተር ፎርማት።

ተሸክሜው ሄድኩ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ታጥቦ፣ ታጥኖ፣ ያለፈ ሕይወቱን በሙሉ ረስቶ ተመለሰ። ፋይሎቼን በፍላሽ አትርፌአቸዋለሁ፤ የአማርኛ መጻፊያዬ ፓወር ግዕዝ ግን አብሮ ታጥቧል። የስንት ዓመት ጽሑፌን ስከፍት አማርኛው ቀርቶ ቅንፍ፣ ኮከብና የጥያቄ ምልክት ተሰልፈው ጠበቁኝ። ለካ በድሮው ፎንት የተጻፈ አማርኛ ፎንቱ ከሌለ አማርኛ አይደለም። ጽሑፌ የማይገባቸው ሰዎች እንዳሉ አውቅ ነበር፤ እኔም ከእነሱ ጋር ተቀላቀልኩ።

በአራተኛው ቀን ማታ፦ «አባዬ! ሰማያዊ!»

በመጨረሻ የእህቴ ልጅ ጓደኛው የሆነ የጥገና ባለሙያ ይዞ መጣ። ባለሙያው ልጅ መጀመሪያ ያነሣው ዳንቴሉን ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ማሽን ጋቢ ለብሶ ነው እንዴ የሚሠራው?» ጎኑን ፈትቶ አቧራውን ሲያራግፍ ሳሎናችን የመንገድ ሥራ የተጀመረበት ሰፈር መሰለ። ሙቀቱ ቀነሰ፤ ሰማያዊው ግን አልቀረም።

«ሰማያዊው ላይ ምን ይላል ጋሼ?»

ሃያ ጊዜ ያህል አይቼዋለሁ፤ አንድ ጊዜም አላነበብኩትም። «ሰማያዊ ነው» አልኩት። ሳቁን ለመደበቅ ወደ ማሽኑ አጎነበሰ። ከዚያ ራሱን በራሱ እንዳያስነሣ ቅንብሩን አጠፋልኝና «ሲቆም በስልክዎ ፎቶ አንሡት» ብሎ ሄደ።

በሳምንቱ ሦስት ፎቶ ይዤ ጠበቅሁት። አንደኛው «አይአርኪውኤል ኖት ሌስ ኦር ኢኩዋል» ይላል፤ ለእኔ እርግማን ነው። ሁለተኛው «ፔጅ ፎልት ኢን ኖንፔጅድ ኤሪያ»፣ ሦስተኛው «ሜሞሪ ማኔጅመንት»። ሦስት በሽታ! ልጁ ግን ፊቱ በራ።

«ጋሼ፣ ሁሌ አንድ ቃል ቢሰጥ ድራይቨር እጠረጥር ነበር። ቃሉን በየቀኑ የሚቀያይር ምስክር ሲገጥመኝ ግን መጀመሪያ የማየው ራሙን ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ራም፣ ማለትም የማሽኑ ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ የተሰጠውን አደራ አዛብቶ ሲመልስ፣ ዛሬ አንዱ ፕሮግራም ይሰናከልበታል፣ ነገ ሌላው፤ ክሱም በተሰናካዩ ስም ይጻፋል። ዊንዶውስ ደግሞ የተዛባውን ይዞ ቀጥሎ ዲስኩ ላይ ውሸት ከሚጽፍ ባለበት መቆምን ይመርጣል። ምነው ሰዎች የዚህን ማሽን ግማሽ ያህል ይሉኝታ ቢኖራቸው ብዬ አሰብኩ።

ምርመራው የሌሊት ሥራ ነው። ሜምቴስት የሚባል ፕሮግራም ከፍላሽ ይነሣና ራሙን ጥግ በጥግ እየጻፈ መልሶ ያነባል። ሁለት ባለ 4 ጊጋ ራም ስላለን አንዱን ነቅለን ሌላውን ብቻውን ፈተንነው። የመጀመሪያው ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ መብራት ጠፋ። ሻምበል በማግስቱ «አላልኩህም?» አሉኝ። በሁለተኛው ሌሊት አንደኛው ራም በነፃ ተሰናበተ። በሦስተኛው ሌሊት ሁለተኛው ስክሪኑን ቀይ በቀይ አደረገው።

«ታዲያ ለምን እሷ ላይ ብቻ?» አልኩ፣ ፍርዴን ለማዳን።

«እርስዎ ጠዋት ምን ይከፍታሉ?»

«የምጽፍበትን።»

«እሷስ?»

ቪዲዮ፣ ጌም፣ ዐርባ ታብ። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ከራሙ በረንዳ አልፈው አያውቁም። እስከ ጓዳ የምትዘልቀው እሷ ናት። የላላው ወለል ላይ የመርገጥ ዕድሏም የዚያኑ ያህል ነው።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እኔ ነኝ። ልጄ ይህንን ስትሰማ ስልኳን ከፍታ ይግባኟን አነበበች፦ እ.ኤ.አ. በ1998 ቺካጎ ውስጥ ኮምዴክስ በተባለው ትርዒት ላይ ዊንዶውስ 98ን ሲያስተዋውቁ፣ ክሪስ ካፖሴላ የሚባል ሠራተኛ ስካነር ሰካ፤ ስክሪኑ በሕዝብ ፊት፣ በቢል ጌትስ አጠገብ፣ ሰማያዊ ሆነ። «ሰውየው ከዓመታት በኋላ የማይክሮሶፍት የማርኬቲንግ ዋና ኃላፊ ሆነ አባዬ። እኔ አንድ ሳምንት ተቀጣሁ።»

ምን ይመለሳል?

ልጁ «አዲስ ከመግዛታችን በፊት ላጲስ አለ?» አለ። ልጄ ከቦርሳዋ ጫፉ የተነከሰ ላጲስ አመጣች። የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በላጲሱ ቀስ እያለ ፈተገ፤ ጥቁር ጉድፍ ረገፈ። በብሩሽ ጠርጎ መልሶ ቦታው ላይ ሲጫነው ጎንና ጎኑ «ቀጭ» አለ። ያን ሌሊት መብራትም አልጠፋም፣ ቀይም አልታየም። ጠበብት የተከራከሩበት በሽታ በላጲስ ተፋቀ። ዳንቴሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ተዛወረ፤ እኔም ይቅርታ ጠየቅሁና አዲስ ላጲስ ገዛሁ።

እ.ኤ.አ. በ2025 ዊንዶውስ 11 ሰማያዊውን ስክሪን በጥቁር መተካቱን የነገረችኝ ራሷ ናት። ትናንት ማታ «አባዬ! ጥቁር ሆነ!» ስትል፣ አሁን ልምድ አለኝና ስልኬን መዝዤ ፎቶ ላነሣ ሮጥኩ። ኮሪደሩ ጨለማ ነበር፤ ጉልበቴ ከወንበር ጋር ተጋጨ።

«ምን ይላል? ምን የሚል ጽሑፍ አለው?»

«ምንም አይልም። መብራት ጠፍቶ ነው።»