ጎረቤትስ ውሃ አለ?

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ። እኔ ቤት የገባው ግን የጤፍ ብድር ሳይሆን የኤስፕሬሶ ማሽን ነው፤ የባለቤቴ ወንድም ከጣሊያን ሲመጣ በሹራቦቹ ጠቅልሎ ያመጣልን ስጦታ። ብድር ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ብድር ይመለሳል፤ የአማች ስጦታ ወዴት ይመለሳል?

እውነቱን ለመናገር ስምንት ወር ሙሉ አላሳፈረኝም። ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ስጫነው እርርር ይልና በ25 ሰከንድ ውስጥ አናቱ ላይ አረፋ የደፋ ቡና ያወርድልኛል። ቡናው ከወረደ በኋላ ወሬው የእኔ ነው። ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ ስለ ግፊት ሳይማር አይወጣም። «የመኪና ጎማ በስንት ባር ነው የሚነፋው? በ2፣ ግፋ ቢል በ2 ነጥብ 5! ይሄ ውሃውን ቡናው ላይ የሚገፋው በ9 ባር ነው!» እላለሁ፤ ዘጠኙንም ባር በአፌ የነፋሁት ይመስል። እንግዳው ራሱን ይነቀንቃል። ሲኒው ትንሽ ስለሆነ ለመነቅነቅ ጊዜ ይተርፈዋል።

ታዲያ አንድ እሁድ አማቴ መጡ። ለእሳቸው ቡና ማለት ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ረከቦት ቀርቦ፣ ሦስት ዙር የሚጠጣ ነገር ነው። እኔ ግን ደፈርኩ።

«እማዬ፣ ዛሬ ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተ? ከሰሉን ማን ሊያያይዝልህ?»

«ከሰል አይፈልግም። ኤስፕሬሶ ነው፤ ፈጣን ነገር ነው። ቁልፍ መጫን ብቻ!»

ቁልፉን ተጫንኩ። ማሽኑ እርርር አለ። ሐኪም እንዳዘዘው የዓይን መድኃኒት ሲኒው ውስጥ ሁለት ጠብታ ጣል አደረገ። ከዚያ በኋላ ጩኸት ብቻ ሆነ። ደግሜ ተጫንኩ፤ ጩኸት። በቡጢ ጎሰም አደረግኩት፤ ጩኸት። አማቴ ሲኒውን አንስተው ዘንበል አድርገው አዩት።

«እውነትም ፈጣን ነው» አሉ። «ቶሎ አለቀ።»

ባለቤቴ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ከሰል ምድጃውን አንስታ ወደ በረንዳ ወጣች። ከዚያ በኋላ በቤታችን ሰዓት የሚቆጠረው በጀበና ሆነ።

ቡናው ታጥቦ ምጣዱ ላይ መንጣጣት ሲጀምር እኔ ምርመራዬን ጀመርኩ። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የውሃ መያዣው ነበር። ሙሉ ነው። ቢሆንም አውጥቼ መለስኩት፤ ከሥሩ ያለችው መክፈቻ በደንብ ካልገጠመች ፓምፑ የሚስበው አየር ነውና። ምንም ለውጥ የለም። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ቡናው ራሱ ነው። የሰፈራችን ወፍጮ ቤት የለመደው ለጀበና መፍጨት ነው፤ እንደ ሽሮ አልሞ ይሰጥሃል። ያን ዱቄት በማሽን ውሃ ሲገፉት ጭቃ ሆኖ በሩን ይዘጋል። ስለዚህ ባለ እጀታውን ቡና መያዣ አወለቅኩና ባዶውን ሞከርኩ። ውሃ ቢወርድ ኖሮ ጥፋተኛው ወፍጮው ነበር። አልወረደም። ወፍጮ ቤቱ በነፃ ተሰናበተ።

ማሽን ሲበላሽ ደግሞ አገሩ ሁሉ መካኒክ ነው። ስጦታውን ያመጣው አማቼ በስልክ «ነቅለህ ሰካው» አለኝ፤ ከቴሌቪዥን እስከ ትዳር የማይቀየር መድኃኒቱ ይህ ነው። ከታች ፎቅ ያለው ጎረቤታችን ጩኸቱን ሰምቶ መጣና «የመብራት ካርድ አልቆባችሁ እንዳይሆን» አለ፤ መብራቱ በርቶ እያየ። ቀጥሎ ቮልቱን ጠረጠረ። የጣሊያን መብራት 230 ቮልት ነው፣ የእኛ 220፣ ሁለቱም 50 ኸርዝ። በዚህ በኩል ከጣሊያን ጋር ጠብ የለንም። በ120 ቮልት ከሚሠራበት ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ቢሆን ኖሮ ገና ሲሰካ ለጥያቄው በጭስ ይመልስለት ነበር።

አቦል ደረሰ። ጠጣሁ። መጣፈጡ የበለጠ አናደደኝ።

ራሴን ያጽናናሁት በታሪክ ነው። ጣሊያኖች ራሳቸው ይህን ነገር ለማስተካከል ዕድሜ ፈጅተውበታል። አንጄሎ ሞሪዮንዶ የእንፋሎት ቡና ማሽኑን ቱሪን ላይ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። ሉዊጂ ቤዜራ ሚላን ላይ በ1901 አሻሻለው። ያ የምኮራበት አረፋ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ አኪሌ ጋጂያ ውሃውን በማንሻ የሚጫን ማሽን ሲያወጣ ነው። ፋኤማ የተባለው ፋብሪካ በ1961 ባወጣው ማሽኑ የሰውን ክንድ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ተካው። ከሞሪዮንዶ እስከዚያ ፓምፕ 77 ዓመት ማለት ነው። እኔ ገና አንድ ሰዓት ተኩሌ ነው፤ ምን ያስቸኩለኛል?

ቶናው ሲንተከተክ ትንሿ ልጄ የማሽኑን ክዳን ከፍታ የውሃ መያዣው ውስጥ አጎንብሳ ኖሯል።

«አባዬ፣ ውሃው ወደ ራሱ ይመለሳል!»

ሄጄ አየሁ። ልጅቷ ልክ ናት። ቁልፉን ስጫን ከአንዲት ቀጭን ቱቦ ውሃ ጭርር እያለ ተመልሶ መያዣው ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የቤት ማሽን ፓምፕ ማለት እኮ ዘነዘና ነው። በመዳብ ሽቦ ጥቅልል ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ብረት በሰከንድ 50 ጊዜ፣ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ወደፊት ወደኋላ ትላለች። እርርር የሚለው ድምፅ የእሷ ነው። ውሃው መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ይበዛና ማሽኑ እንዳይፈነዳ አንድ ቫልቭ ተከፍቶ ውሃውን ወደመጣበት ይመልሰዋል። እኔ በዘጠኝ ባር ስመጻደቅ የኖርኩት ሰውዬ እሁድን ሙሉ ስሠራ የዋልኩት አባቶቻችን የነገሩንን ነው፦ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ይህን ስናገር አማቴ ቶናቸውን አስቀመጡና «ጎረቤትስ ውሃ አለ?» አሉኝ።

«ቧንቧው ውሃ አለው እማዬ። ዛሬ ፈረቃችን ነው።»

«እሱን መች ጠየቅኩህ? ውሃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጎረቤት ነው። እነሱም ከሌላቸው ከላይ ነው የጠፋው፤ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ። እነሱ ካላቸው የተዘጋው ያንተ መስመር ነው። ለዚህ ማሽንህ ጎረቤት የለውም?»

ዝም አልኩ። የአዲስ አበባን የውሃ ፈረቃ በጀሪካንና በሮቶ ያሳለፈ ሰው ይህን እንዴት ይረሳል? ማሽኑ ጎረቤት አለው እንጂ! ለማኪያቶ ወተት የሚያፈላው የእንፋሎት ቧንቧ ከዚያው ከአንዱ ማሞቂያ ጋን ነው የሚቀዳው። መክፈቻውን አዞርኩና ፓምፑን አስነሳሁ። ውሃው ፊሽሽ ብሎ ወጥቶ የሸሚዜን እጅጌ ሞላው።

«ጎረቤት ውሃ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ከታች ያለው ጎረቤታችን እሱን የጠራሁት መስሎት ተመልሶ መጣ።

እነሆ ፍርዱ፦ የውሃ መያዣው፣ ፓምፑና ጋኑ ነፃ ናቸው። የተዘጋው ከጋኑ ወደ ቡናው የምትወስደው አንዲት ጠባብ መንገድ ናት። ጎረቤትም ደርቆ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ያን ጊዜ ፓምፑ አየር ውጦ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱም የእንፋሎቱን ቧንቧ ከፍቶ አየሩን ማስወጣት፣ እምቢ ካለ ደግሞ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ወደ መሳቢያው ቱቦ ውሃ መግፋት ነው። ብቻ ደረቁን ብዙ አታስጩኹት። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው በውስጡ የሚያልፈው ውሃ ነው፤ ውሃ ካጣ ይቃጠላል።

ማሽኑን ነቀልኩና እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ። ጣሊያንኛ የማይናገር ሰው የጣሊያን ማሽን እንዴት ይፈታል እንዳትሉኝ። እኛ መሣሪያ ስናነሳ ሁላችንም ጣሊያንኛ ተናጋሪ ነን፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን። በካቻቢቴ ከመካከል ያለችውን አንዲት ቡሎን ፈታሁ፤ ውሃውን ቡናው ላይ የሚረጨው ወንፊት ወረደ። ጀርባውን ሳዞረው አፈርኩ። የስምንት ወር የቡና ቅባት እንደ ሬንጅ ተጋግሮበታል። ከቀዳዳዎቹ ግማሾቹ የሉም። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት። ከወንፊቱ በላይ ባለችው የውሃ መውጫ አፍ ላይ ደግሞ ነጭ ቅርፊት አየሁ፤ ልክ የማንቆርቆሪያችን ሆድ ውስጥ ያለው ዓይነት። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው እንደ ኖራ ተፈረፈረ።

ኖራው ከሌላ ቦታ አልመጣም። ከተማችን ውሃ የምትጠጣው ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳና ከድሬ ግድቦች ብቻ ሳይሆን ከአቃቂ ጉድጓዶችም ነው። የጉድጓድ ውሃ ደግሞ በድንጋይ መካከል ሲያልፍ ኖራውን ይዞ ይመጣል። ስኳር ሙቅ ውሃ ውስጥ ይበልጥ ይሟሟል፤ ኖራ ግን ተቃራኒ ነው፤ ውሃው ሲሞቅ ከውሃው ተለይቶ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ማሽኑ በየቀኑ ያሞቃል፣ እሱ በየቀኑ ይለጠፋል። በመርፌ ዓይን የምታልፍ መንገድ ስምንት ወር መቆየቷም ትልቅ ነገር ነው።

ኖራን የሚያሸንፈው ኮምጣጣ ነገር ነው። ጎረቤት የሚለው ቃል የዚያን ቀን ሥራው በዝቶ ነበርና፣ ከፊት ለፊታችን ያለችው ኬክ የምትሠራ ጎረቤታችን ሲትሪክ አሲድ በብልቃጥ ሰጠችኝ። 20 ግራም ያህሉን በአንድ ሊትር ውሃ አሟሟሁና መያዣው ውስጥ ጨመርኩ። በጎረቤት በኩል፣ ማለትም በእንፋሎቱ ቧንቧ፣ ትንሽ ፈሰስ አድርጌ ጋኑ ውስጥ ካስገባሁት በኋላ አጥፍቼው 20 ደቂቃ ተውኩት።

በረካ ተቀዳ። ሁላችንም ሲኒያችንን ይዘን ማሽኑ ዙሪያ ቆምን፤ ልጅ የሚወለድ ነው የሚመስለው። ቁልፉን ተጫንኩ። መጀመሪያ ጠብታ መጣ። ቀጥሎ ማሽኑ አንዴ ሳል አለና ነጭ ፍርፋሪ የተቀላቀለበት ውሃ ተፋ። ከዚያ የፓምፑ ድምፅ ዝቅ አለ፣ ረጋ አለ፣ ውሃውም ኩልል ብሎ ወረደ። ባለቤቴ እልል አለች፤ ለማሽኑ ይሁን ለፌዝ እስካሁን አልነገረችኝም። ኮምጣጣው እንዳይቀር ሁለት ሙሉ መያዣ ንጹሕ ውሃ አሳለፍኩበት።

አንድ ነገር መናዘዝ ይገባኛል። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ካርቶኑ ውስጥ ከእነላስቲኩ የተቀመጠውን መመሪያ አወጣሁ። በየሁለት በየሦስት ወሩ ኖራው ይጠረግ ይላል። እኔ ስምንቱን ወር ስለ ባር ሳስተምር የቆየሁት ይህን ገጽ ሳላይ ነው።

ከበረካ በኋላ ማንም ቡና አይጠጣም። አማቴ ግን ሰው እንዳይከፋው የሚያውቁ ሴት ናቸውና የማሽኑን ቡና ተቀበሉኝ። ኤስፕሬሶው 25 ሰከንድ ፈጀ፤ ከዝግጅቱ ጋር ሲደመር ሦስት ሰዓት ከ25 ሰከንድ። ፉት አሉ። ዝም አሉ። አረፋውን አዩት። ደግመው ፉት አሉ።

«ጥሩ ነው» አሉ። ደረቴ ሊነፋ ሲል ሲኒውን ወደ እኔ ዘረጉት። «ቶናውስ?»

የተጠቀምኩበት ቡና ከእጀታው ተራግፎ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ተቀምጧል። ከአቦል በኋላ ዱቄቱን የሚጥል፣ ሁለተኛ ዙር የማያውቅ ቡና እንዳለ እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? ቱሪን፣ ሚላን፣ 9 ባር ብዬ ልጀምር አሰብኩና ተውኩት።

እስከ ዛሬ ለጥያቄያቸው መልስ የለኝም። ውሃው ግን ይወርዳል።