ታሪኳ የማይታወቅ መኪና

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ትንሽ ፎር ዊል የያዙ ሰዎች ሲገናኙ ወሬያቸው ያው ነው። ሰላምታው ሳያልቅ «የፊት ጎሚኒ ከየት አገኘህ?» ይመጣል። ከዚያ ስለ ነዳጁ፣ ከዚያ ስለ መካኒኩ። ቪታራ የያዘውም፣ የመጀመሪያዋን ራቭ ፎር የያዘውም፣ ቴሪዮስ የያዘችውም የሚያወሩት አንድ ነው። እኔን ሰልችቶኛል፤ እናንተንም እንደሰለቻችሁ አውቃለሁ። በየጋራዡ በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ የምንባባለው ነውና ዛሬ ይጻፍ።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ይታወቅልን። እነዚህን መኪኖች ለጌጥ አልያዝናቸውም። በኮሪደር ልማቱ ዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች አምረዋል፤ ከዋናው መንገድ ታጥፎ ቤት የሚያደርሰው ግን ለብዙዎቻችን ያው የድሮው ነው። በአያት ጨፌ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በጀሞ ጀርባ፣ በለገጣፎ ቤት የሠራ ሰው ከሰኔ እስከ መስከረም ከጭቃ ጋር ሲታገል ይከርማል። ኮብልስቶን የተነጠፈበትም ቢሆን ቧንቧ ሊቀብሩ የቆፈሩት ቦታ ላይ ድንጋዩ እንደነበረ ተመልሶ አይገጥምም፤ ጉድጓዱ በየክረምቱ ይሰፋል። በዚያ መንገድ በቪትዝ የሚመላለሰው ጎረቤታችን የመኪናው ሆድ እየተመታ የዘይት መያዣውን ሲያስበይድ ነው የሚኖረው።

ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ ቢሮ የምትወስድ፣ ቅዳሜ አስቤዛ የምታመጣ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ደጃፍ ድረስ የምታስገባ አንዲት መኪና ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ትንሽ ፎር ዊል ቢመርጥ ትክክል ነው። ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ1988 ጃፓን ውስጥ ኤስኩዶ ብሎ ያወጣት ቪታራ እንደ ትልልቆቹ የመስክ መኪኖች በቻሲስ ላይ የቆመች፣ ለዳገትና ለጭቃ ከባድ ማርሽ ያላት፣ 1600 ሲሲ ሞተር የተገጠመላት ነች። ራቭ ፎር እ.ኤ.አ. በ1994 ስትመጣ ቻሲሱን ትታ እንደ ቤት መኪና ተሠራች፤ አስፋልት ላይ ትመቻለች፣ ኮሮኮንቹንም ትችለዋለች። ከ30 ዓመት በኋላም ቢሆን ለዚህ ከተማ መንገድ ከእነዚህ የተሻለ መጠን ያለው መኪና አላየሁም። ስለዚህ እሮሮዬ በመኪኖቹ ላይ አይደለም።

ዋጋውን እንኳ ለምደነዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ብዙ ዓመት ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። አሮጌ መኪና እንዳይገባ ታስቦ ነው፤ ቀድሞ የገባው ግን ዋጋው ሰማይ ነካ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ጨርሶ እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫውም ዋጋ ተከትሎ ወጣ። የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት የቻለ ይግዛ፣ ደግ ነው። በየመንገዱ የምናያቸው ብዙዎቹ ግን ዝቅ ያሉ ናቸው፤ መብራት ሄዶ በሚያድርበት ሰፈርና በጉድጓድ መንገድ ለሚኖር ሰው ገና መልስ አልሆኑም። እናም በአባቶቻችን ጊዜ የተሠራችውን መኪና በአዲስ መኪና ዋጋ እንገዛለን። ይሁን፤ የከፈልነው ከፈልን።

የማይለመደው ሌላ ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍለን የምንገዛት መኪና ምን እንደሆነች የሚነግረን ሰው የለም።

አንድ ወዳጄ ቪታራ ሊገዛ አብሬው ሄድኩ። ደላላው «ሞተሯ ያልተከፈተ፣ ቢሮና ቤት ብቻ የምትመላለስ፣ ፎር ዊሏ የሚሠራ» አለን። ቀለሟ ያበራል፤ ወንበሩ አዲስ ልብስ ለብሷል፤ ከማርሹ አጠገብ ያለው የፎር ዊል ማርሽ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ያለ ችግር ይገባል። የኋላ በሯን ስከፍት ወደ ታች ሰመጠብኝ። ትርፍ ጎማው በሩ ላይ ስለሚንጠለጠል ማጠፊያው በዓመታት ብዛት ይዝላል፤ ይህ የቪታራ ሁሉ ነገር ነውና አልከፋኝም። ከዚያ በስልኬ መብራት ከሥር ተንበርክኬ አየሁ። ከትራንስፈሩ ወደ ፊት ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ የለም። ተፈትቶ ወጥቷል። የተፈታበት ቦታ በጨርቅና በላስቲክ ታስሯል፤ ጨርቁ ግሪስና አቧራ ጠጥቶ ደርቋል፤ ትናንት የተደረገ አይደለም። ማርሹ ይገባል፣ የፊት ጎማዎቹ ግን ምንም አይደርሳቸውም። ደላላው ሲጠየቅ «ነዳጅ እንድትቆጥብ ነው፣ እንዲያውም ይሻላል» አለ። ዘንጉስ የት አለ? አያውቅም። ባለቤቱስ? እሱም ከገዛት ሁለት ዓመቱ ነው፤ እሱም አያውቅም። ወዳጄ ያን ቀን ሳይገዛ ተመለሰ፤ ከእኛ በኋላ ከሥሯ ሳያይ የገዛት ሰው ግን እንደሚኖር አልጠራጠርም።

ይህ የአንድ ደላላ ክፋት ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። በየእጁ ያለፈች መኪና ሁሉ እንዲህ ነች። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋን ማን አምኖ ያነባል? ገመዱ ተበጥሶ ዓመታት የቆመም አለ፤ ወደ ኋላ የተመለሰም አለ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዚያች 1600 ሲሲ ቪታራም የመጀመሪያዋ ራቭ ፎርም ሞተር የታይሚንግ ቺንጋ አለው፤ በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ካልተቀየረ መንገድ ላይ ሊበጠስ ይችላል። መቼ ተቀየረ? ሻጩ «አዲስ ነው» ይላል። መካኒኩ ሳይከፍት «ደህና ይመስላል» ይላል። ገዢው ሳያምን ይነዳል፤ ወይ ደህና ሊሆን የሚችለውን ቺንጋ ለማንኛውም ብሎ እንደገና ያስቀይራል። ከእሱ የሚገዛውም ያንኑ ይደግማል። አንድ ወረቀት ላይ ቀንና ኪሎ ሜትር ተጽፎ ቢሆን ያ ሁሉ ወጪ ይቀር ነበር።

ጋራዡ ውስጥ ያለው ደግሞ ይብሳል። መካኒኮቻችን እጃቸው ወርቅ ነው፣ ይህን ማንም አይክድም፤ ዕቃ በሌለበት አገር ሞተር አስነስተው ይልካሉ። ግን የሠሩትን አይናገሩም፣ አይጽፉም። «ሞተር ይግላል» ብለህ ስትወስድ ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥሉታል፤ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ደስ ብሎህ ትሄዳለህ። እንደ አዲስ አበባ ባለ ብርድ ከተማ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ግን የሚገባውን ሙቀት አያገኝም፤ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያልቃል። የጋለበት ምክንያትም አልተነካም፤ ራዲያተሩ ለዓመታት ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ተሞልቶበት ውስጡ ዝጓል። ከሁለት ባለቤት በኋላ «ይህች መኪና ነዳጅ ትጠጣለች» እየተባለች ትሸጣለች። አዲሱ ባለቤት ካንዴላ ይቀይራል፣ ካርቡሬተር ያሳጥባል፣ ፊልትሮ ይለውጣል። ቴርሞስታት እንደሌላት የሚነግረው የለም።

የእኔዋ ቪታራ ላይ ከካርቡሬተሩ አጠገብ አንዲት ቀጭን የአየር ጎማ አለች። ጫፏ ላይ ብሎን ተጠቅጥቆባታል። ማን እንደደፈናት፣ ለምን እንደደፈናት እስከ ዛሬ ያወቀ መካኒክ አላገኘሁም። አንዱ «አትንካት» ይላል፣ አንዱ «ይህማ ነው ችግሩ» ብሎ ይነቅላታል፣ ሦስተኛው መልሶ ይደፍናታል። እያንዳንዱ ከባዶ ይጀምራል፤ እያንዳንዱ ጅምር ደግሞ በእኛ ገንዘብ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗም አለ። በዚህ ከፍታ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አምስተኛው ያህል ይቀንሳል፤ ካርቡሬተሩ ለዚህ አየር ካልተስተካከለ ደግሞ ቤንዚን አብዝቶ ይሰጣል። ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወጣ የምታቃስት ቪታራ ሁሉ ሞተሯ አልቆ አይደለም። ይህን አስረድቶ «ጤነኛ ነች፣ ሂድ» የሚል ባለሙያ ግን ብርቅ ሆኗል። «ሞተር ይውረድ» ማለት ይቀላል።

መለዋወጫ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስንሄድ የሚገጥመንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ካርቶኑ የታወቀ ስም አለው፤ ውስጡ ያለው ጎሚኒ ግን አንድ ክረምት አይሞላም። ኦሪጅናል ነው የተባለውና ኮፒ ነው የተባለው አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ልዩነታቸው ዋጋው ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አንዳንዱ ነጋዴ እውነቱን ይናገራል፤ «ይህ የቻይና ነው፣ ይሠራልሃል ግን አይቆይም» ይላል። እግዚአብሔር ይስጠው። ርካሽ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም፤ ርካሹን በውድ ስም መሸጥ ነው የሚያንገበግበው። ያገለገለ ዕቃ ስንገዛም፣ ትናንት ማታ ከየትኛው ሰፈር ከማን መኪና እንደተፈታ የሚጠይቅ ሻጭም ገዢም የለም። ስፖኪዮው የተሰረቀበት ሰው ሌላ ስፖኪዮ ሲገዛ፣ የዚያኛው ባለቤት ደግሞ የት ይሆን እያለ ነው ገንዘቡን የሚቆጥረው። በትርፍ ጎማችን ላይ ሰንሰለትና ቁልፍ የምናንጠለጥለው ወደን አይደለም።

ጎማውም ያው ነው። የቪታራ 15 ቁጥር ጎማ በትክክለኛው ልክ ስለማይገኝ ጎሚስታው ያገኘውን ይገጥምና «ያው ነው» ይላል። ያው አይደለም። በተለይ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የምትሄድ ራቭ ፎር ላይ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ካነሰ የመሃል ዲፈረንሻሏ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሳይቀር ሲሠራ ይውላል። ቪታራን ደግሞ ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብቶ መንዳት አይገባም፤ ስትታጠፍ የፊቱና የኋላው ተሳስቦ ይወጠራል፣ በመጨረሻ የሚሰበረው ትራንስፈሩ ነው። ይህን ስንቱ ያውቃል? መኪናዋን ለለቅሶ ወይ ለገጠር ሰርግ የተዋሰ ዘመድ «ፎር ዊል አይደለች እንዴ?» ብሎ ከቤታችን በር ጀምሮ አስገብቷት ይሄዳል። ሲመልሳት የሚያንኳኳ ድምፅ አላት፤ «እዚያ ስሄድ ጀመራት» ይላል እንጂ ምን እንዳደረገ አይናገርም።

 በየዓመቱ ቦሎ ስናሳድስም መኪናዋ ያን ቀን ማለፏ ይጻፋል፤ ምን አሳልፋ እዚያ እንደደረሰች ግን ወረቀቱ አይናገርም። ሊብሬውም የቻሲስና የሞተር ቁጥር እንጂ የሕይወት ታሪኳን አልያዘም።

መኪኖቹ አርጅተዋል፣ እውነት ነው። ግን ያደከመን እርጅናቸው አይደለም፤ ብረት ሲያረጅ ምን እንደሚሆን ይታወቃል፣ ይጠገናል። ያደከመን ሁሉም እጅ የነካውን ደብቆ፣ ወይ ሳይናገር ረስቶ፣ ለሚቀጥለው ሰው ማስተላለፉ ነው። አዲስ መኪና ለብዙዎቻችን በማይታሰብበት ጊዜ እነዚህ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ልጆቻችንን ይዘው ይሄዳሉ። ፍሬናቸው መቼ እንደተሠራ፣ መሪያቸው መቼ እንደተፈታ ሳይታወቅ መሄዳቸው ያሳስበኛል።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። መካኒኮቻችን፣ የፈታችሁትንና የገጠማችሁትን ከቀኑና ከኪሎ ሜትሩ ጋር በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ለባለመኪናው ስጡ፤ ያወጣችሁት ዕቃ ካለ ማውጣታችሁን ጻፉ። ነጋዴዎች፣ ኮፒውን ኮፒ ብላችሁ ሽጡልን፤ እንገዛዋለን። ባለመኪኖች ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ደብተር ኪስ ውስጥ አስቀምጡ፣ የቺንጋውን፣ የዘይቱን፣ የፍሬኑን ቀን መዝግቡ፤ መኪናችሁን የምትሸጡ ቀንም ደብተሩን ከሊብሬው ጋር አብራችሁ አስረክቡ።