በፋየርዎል ሎግ ጎርፍ ተማረርን

መካነ ሰላም ላይ ክረምት ሲገባ ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ጣጣው ይጀምረዋል። ነጎድጓዱ ገና ሲያጉረመርም መብራት ይሄዳል፤ ይመጣል፤ ደግሞ ይሄዳል። የዩፒኤሱ ባትሪ ከሞተ ቆይቷልና ሰርቨሩም አብሮ ወድቆ አብሮ ይነሳል። በተነሳ ቁጥር ፋየርዎሉ ሕጎቹን ከፋይል አንብቦ እንደ አዲስ ይጭናል፣ የኦዲት ሥርዓቱ ደግሞ «የፋየርዎል ቅንብር ተለወጠ» ብሎ ይመዘግባል። ምን ተለወጠ? የተጫነው ያው የትናንቱ ነው!

ዊንዶውስ ያላቸው ጓደኞቻችንም ከዚህ አላመለጡም። በእያንዳንዱ የፋየርዎል ሕግ ደረጃ ለውጥ ኦዲት ይደረግ ከተባለ፣ አገልግሎቱ በጀመረ ቁጥር 4945 የሚል ቁጥር ያለው መዝገብ ለእያንዳንዱ ሕግ አንድ አንድ ይጻፋል። በፋየርዎሉ ላይ ስንት ሕግ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ያስበው።

መብራት ባይጠፋስ? ሊኑክሱ ላይ ዶከር ካለ፣ አንድ ኮንቴይነር ሲነሳና ሲወድቅ የፋየርዎል ሕግ ይነካል። ፌይል ቱ ባን ካለም ሌሊቱን ሙሉ የይለፍ ቃል የሚሞክሩትን ሲያግድና ሲለቅ ያድራል። የኦዲት ፋይሉን ስትከፍቱት «ኔትፊልተር ሲኤፍጂ» የሚለው መስመር ተደርድሮ ይጠብቃችኋል፦ ቤተሰብ 2 ለአይፒ ቨርዥን 4፣ ቤተሰብ 10 ለአይፒ ቨርዥን 6፣ ከዚያ የፕሮግራሙ ስም። አብሮት በሚመጣው መስመር ላይ በተጠቃሚው መለያ ቦታ 4294967295 ተጽፏል። ይህ ቁጥር በመለያ የገባ ሰው የለም፣ ሥራው የተሠራው ራሱ በሲስተሙ ነው ማለት ነው። ገጽ በገጽ ስታወርዱ የምታገኙት ይህንኑ ነው።

ቢያበዛው ምን ይጎዳል የሚሉ አሉ። ይጎዳል እንጂ! የሊኑክስ ኦዲት በተለመደው አቀማመጡ 8 ሜጋባይት የሚይዙ 5 ፋይሎችን ብቻ ያቆያል። ሲሞሉ የቆየው ይጠፋል፣ አዲሱ ይተካል። ጎርፉ ሲመጣ ታዲያ ማን ገባ፣ ማን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ምን ሠራ የሚለው መዝገብ ነው ተገፍቶ የሚወጣው። ኃላፊው መጥተው «ልጄ፣ ይችን ፖርት ማን ነው የከፈታት?» ሲሉ የምንመልሰው «ጋሼ፣ ሎጉ ወደ ኋላ የሚሄደው እስከ ትናንት ማታ ነው» ብቻ ነው። እሳቸው አያምኑንም፤ እውነት አላቸው። መዝገብ ያዙ ተብለን መዝገብ ይዘን፣ የተጠየቅነውን ግን መመለስ አልቻልንም።

የባሰው ደግሞ ከውጭ የተገለበጠው የደኅንነት ማጥበቂያ ዝርዝር ነው። ሲአይኤስ የተባለው ድርጅት የሚያወጣው የታወቀው መመዘኛ የኦዲት ፋይል ሲሞላ አሮጌው እንዳይሰረዝ፣ ቦታ ሲያልቅም ማሽኑ እንዲቆም ይመክራል። ለትልቅ ባንክ፣ ሃያ አራት ሰዓት ሰው ለሚጠብቀው ማዕከል ይሆን ይሆናል። ከአቀስታ እስከ ወግዲ ባሉት መሥሪያ ቤቶች ግን አንድ የአይቲ ባለሙያ ነው ያለው፤ እሱም ፕሪንተር ሲጠግን ይውላል። ዲስኩ በማይረባ መዝገብ ሞልቶ ሰርቨሩ ሲቆም ባለጉዳይ መስኮት ላይ ተሰልፎ «ሲስተም የለም» ይባላል። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ገበሬ ሳይስተናገድ ይመለሳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸኛው ነው።

ሕጉ ያስገድደናል የሚሉም አይጠፉም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የኮምፒውተር ትራፊክ ዳታ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ያንኑ የፋየርዎል ሕግ እንደ አዲስ እየጻፋችሁ አከማቹ ያለን የለም።

የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች ራሳቸው እኮ ነገሩ እንደበዛ ተቀብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኤንኤፍ ቴብልስ በተባለው አዲሱ ፋየርዎል ላይ ኦዲት ሲጨመር እያንዳንዱ ሕግ፣ እያንዳንዱ ሰንሰለት ለየብቻው ይመዘገብ ነበር። በ2021 ሪቻርድ ጋይ ብሪግስ ባቀረበው ማስተካከያ፣ በአንድ ጊዜ የተደረገው ለውጥ ለአንድ ሠንጠረዥ በአንድ መስመር ተጠቃሎ፣ ስንት ነገር እንደተነካ ቁጥሩ ብቻ እንዲጻፍ ሆነ። ለውጥ መደረጉ አሁንም ይመዘገባል፣ ድግግሞሹ ነው የቀነሰው። የእኛ ሰርቨሮች ግን ብዙዎቹ ከዚያ በፊት በተጫነ ከርነል ላይ እየተንፏቀቁ ናቸው፤ ማሻሻያውን በዚህ ቀጭን መስመር አውርዶ መጨረስም ሌላ እሮሮ ነው።

ሁሉንም ዝጉት እያልኩ አይደለም። የተጠለፈ ሶፍትዌርም ፋየርዎሉን ሊነካ ይችላል፣ ያኔም መለያው ያው 4294967295 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በጭፍን መጣል አደጋ አለው። ነገር ግን ከርነሉ በሚፈቅድበት የኦዲት ማግለያ ደንብ የመዝገቡን ዓይነትና የተጠቃሚውን መለያ ለይቶ መተው ይችላል። በተተወው ምትክ የፋየርዎሉ የቅንብር ፋይል ራሱ ይጠበቅ፣ ማን እንደጻፈበት ይመዝገብ፤ በየዕለቱም የተጫነው ሕግ ከተቀመጠው ፋይል ጋር ይነጻጸር። ልዩነት ሲኖር ብቻ እንጠራ።

መመሪያ የምትልኩልን ሆይ፣ በማጥበቂያው ዝርዝር ሳጥን ላይ «ኦዲት ተከፍቷል» የሚል ምልክት ማድረጋችንን ብቻ አትጠይቁን። ባለፈው ወር ፋየርዎሉን የለወጠውን ሰው ከሎጉ አውጥታችሁ አሳዩን በሉን። ያኔ ስንቶቻችን ማሳየት እንደምንችል ታያላችሁ፣ ዝርዝሩንም ታስተካክሉታላችሁ።